ምዕራፍ ስድስት፦ ሽሮ ብቻውን አይበቃም

በወር መጨረሻ ብዙ የአዲስ አበባ ቤት ሳይታወጅ ይጾማል። ደመወዝ እስኪወጣ አምስት ስድስት ቀን ሲቀረው ሥጋ ከሐሳብ ይወጣል፤ ቅቤ ድሮም የለም፤ እንቁላሏም «ለልጆቹ» ተብላ ትቀመጣለች። ምድጃው ላይ የሚቀረው ሽሮ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን ስለ እምነታቸው የሚጾሙ እንዳሉ ሁሉ ኪሳቸው የሚያስጾማቸውም አሉ። ሁለቱም የሚገቡት አንድ ጓዳ ውስጥ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ጓዳ ነው።

ጓዳው ባዶ እውቀት ላይ የተሠራ አይደለም። ሁሉንም የታዘዘ ጾም የሚጠብቅ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። ካህናትና የፈቃድ ጾም የሚጨምሩ እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። የዓመቱን እኩሌታ በእህልና በቅጠል ብቻ አርሶ፣ አጭዶ፣ ልጅ አሳድጎ የኖረ ሕዝብ ይህን በዘፈቀደ አላደረገውም። ስልጆ፣ እልበት፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ውሃ፣ በቆልት፣ ንፍሮ፣ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን፤ እነዚህ ሁሉ በዚያ የግማሽ ዓመት ኑሮ ውስጥ የተፈለሰፉ ናቸው።

ዛሬ በከተማ ቤት ከዚህ ዝርዝር የቀረው ስንት ነው? ሽሮ አለ። ምስር ዋጋው ሲፈቅድ አለ። ፓስታ ገብቷል። የቀረው «የድሮ ምግብ» ተብሎ ለሆቴል የበያይነቱ ትሪና ለአያቶች ትዝታ ተትቷል። እኔን የሚያስገርመኝ የጠፉት ነገሮች ውድ ሆነው አለመጥፋታቸው ነው። ተልባ፣ ጎመን፣ ጥሬ ቃሪያ፣ የበቀለ ባቄላ ዛሬም ከገበያው ርካሽ ክፍል ናቸው። በጠባብ በጀት ሥጋ ሳይበሉ ጤነኛ ሆኖ መኖር ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ሽሮውን መተው ሳይሆን ከጎኑ የነበሩትን መመለስ ነው።

ጉልበት ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ የሁሉንም ሰው ጥያቄ እንመልስ። «ሥጋ ያልበላ ጉልበት ከየት ያመጣል?» የሚለው ስጋት ስለ ፕሮቲን ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ውስጥ ወደ 200 ግራም ፕሮቲን አለ። አንድ ኪሎ ስብ የሌለው ጥሬ ቀይ ሥጋም የሚይዘው ከዚያው ጋር የሚቀራረብ ነው። ምስርና አተር ከ230 እስከ 250 ግራም ይደርሳሉ፤ ባቄላ ትንሽ ይበልጣቸዋል፤ አኩሪ አተር 360 ገደማ ነው። ያውም አንድ ኪሎ ሽምብራ ተዘፍዝፎ ሲበስል ከሁለት ኪሎ በላይ ሆኖ ስለሚወጣ ቤተሰብ ያጠግባል፤ ኪሎ ሥጋ ግን እሳት ሲነካው ይቀንሳል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ይህ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃልና። የሁለቱን ዋጋ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ያስተያዩ።

ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከሥጋ ይልቅ ትንሽ አስቸጋሪ ነው፤ ሰውነት ሙሉ በሙሉ አይፈጨውም፤ ሜታዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድም ያንሰዋል። እህል ደግሞ በተቃራኒው ሜታዮኒን ይዞ ላይሲን ያጥረዋል። ጤፍ በላይሲን ከስንዴ የተሻለ ቢሆንም ለብቻው አይበቃም። እንጀራውና ወጡ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል። በአንድ ጉርሻ መገናኘት እንኳ የለባቸውም፤ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል። ጠዋት በሶ የበላ፣ ምሳ ላይ ሽሮ ያገኘ ሰው ሒሳቡ ተወራርዷል።

60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን ወደ 50 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የዕፅዋቱ ፕሮቲን እንደ ሥጋው ስለማይፈጭ 60 ብንለው ይሻላል። አንድ ተራ የጾም ቀን እንውሰድ፦ ጠዋት አንድ ጭብጦ በሶ፣ ምሳ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮና በጎመን፣ ከሰዓት በኋላ ሽምብራ የገባበት አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ማታ አንድ እንጀራ በምስር። በሶው 8 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ሁለቱ እንጀራዎች ተደምረው ወደ 25፤ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10፤ 50 ግራም ምስር 12፤ ቆሎውና ጎመኑ አንድ ላይ 10። ድምሩ 65 ነው። ያልተለመደ ነገር አልጨመርንም፤ ከውጭ የገባ ነገርም የለም። ችግር የሚመጣው ሽሮው ቀጥኖ ቀጥኖ የቀለም ውሃ ሲሆንና ሰውየው እንጀራ በእንጀራ ሲበላ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚሆነው ይህ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ወጡ ነው፤ መቀነስ የነበረበት ዘይቱ ነበር።

ይህን እህልና ጥራጥሬ የማገናኘት ብልሃት ሳይንስም ከእናቶች ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው ፋፋ እህልን ከጥራጥሬ ዱቄትና ከወተት ዱቄት ጋር የቀላቀለ የሕፃናት ምግብ ነበር፤ ስሙም ዛሬ ድረስ የአልሚ ዱቄት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ጥሬውን መግዛት

ከሱቅ የታሸገ ሽሮ መግዛት ቀላል ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንደኛው ለማሸጊያና ለነጋዴው የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቅ ነው። የተፈጨ ነገር ምስክር የለውም፤ ሽምብራ ይሁን አተር፣ ባቄላ ይሁን ጓያ ከቀለሙ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ጓያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጓያ ድርቅ የሚችል፣ ርካሽ፣ ጣዕሙም መጥፎ ያልሆነ ጥራጥሬ ነው። የክፉ ቀን እህል የሆነውም ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ስለሚበቅል ነው። ነገር ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለው። ለወራት ያህል ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ደምቢያና ፎገራ፣ በኋላም ደላንታ ይህን በመከራ ያውቁታል። አልፎ አልፎ የተበላ ጓያ ሰው አይጥልም፤ አዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል። ሆኖም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሽሮ የሚበላ ድሃ ቤተሰብ ሳያውቅ በየቀኑ ጓያ እንዳይበላ ዋስትናው ጥሬውን አይቶ መግዛት ብቻ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ወይም የሰፈር እህል መደብር ሄዶ ሽምብራውን፣ አተሩንና ባቄላውን በዓይን መርጦ፣ ለቅሞ፣ አምሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውንና ኮረሪማውን አድርቆ ጨምሮ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት። ሁለት ሦስት ጎረቤት ተባብሮ ካስፈጨ የወፍጮውም የማመላለሻውም ወጪ ይቀልላል።

እዚህ ላይ ብዙ የአመጋገብ ጸሐፊዎች የሚዘሉትን ነገር ልናገር። «ርካሽ ነው» ስንል የማን ጉልበት ሳይቆጠር ነው? ሽሮ የሚለቅመው፣ የሚያምሰው፣ ጎመን የሚቀነጥሰው፣ ባቄላ የሚዘፈዝፈው እጅ በአብዛኛው የአንዲት ሴት እጅ ነው፤ እሷም ብዙ ጊዜ ከቤት ውጭ ሠርታ የመጣች ናት። ጥራጥሬው ከሥጋ ረከሰ የምንለው የእሷን ሦስት ሰዓት በዜሮ አባዝተን ነው። ቤተሰቡ በዚህ ምዕራፍ እንዲጠቀም ከተፈለገ ባልም ልጆችም ለቀማው ላይ ይቀመጡ። ይህ የደግነት ጉዳይ አይደለም፤ የበጀቱ አካል ነው።

የማገዶ ነገርም አለ። ድፍን ባቄላና ቦሎቄ ከክክ ይረክሳሉ፤ ግን ከሰል ይበላሉ። ማታ ዘፍዝፎ ማደር ጊዜውንም ከሰሉንም ይቀንሳል፤ ሆድ የሚነፋውም ነገር ከሚደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል። ቦሎቄን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ፦ በተለይ ቀዩ ጥሬው ወይም በግማሽ የበሰለው ሆድን በኃይል ይረብሻል። የዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ፍልቅልቅ እስኪል ያፍሉትና ከዚያ በኋላ በለስላሳ እሳት ያብስሉት።

እንጀራው በምን ይደባለቅ?

ጤፍ ሲወደድ ሰው ይደባልቃል። የሚደባልቀው ግን ብዙ ጊዜ ከሩዝ ጋር ነው፤ እንጀራውን ያነጣዋልና። ይህ ለዓይን የሚከፈል ዋጋ ነው። መቶ ግራም ነጭ ሩዝ ውስጥ ያለው ካልሲየም 10 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን በጤፍ ውስጥ 180 ያህል ነው። ዳጉሳ ግን ወደ 340 ይደርሳል፤ ከእህል ዘር ሁሉ በካልሲየም እሱን የሚያህል የለም። ወተት ለማይቀምስ ጾመኛ ወይም ወተት መግዛት ላቃተው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎጃም ገበሬ ዳጉሳን ለእንጀራም ለጠላም ሲጠቀምበት ኖሯል፤ የከተማው ሰው «ጠቆረብኝ» ብሎ ይሸሸዋል። ማሽላም ቢሆን ከሩዝ የተሻለ ምርጫ ነው። ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ዳጉሳ ያለበት እንጀራ መልኩ ከቀይ ጤፍ እንጀራ ብዙ አይለይም።

እንጀራው መቡካቱም ዋጋ አለው። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ብረትን፣ ዚንክንና ካልሲየምን ጨብጦ ይዞ ሰውነት እንዳያገኛቸው ያደርጋል። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ፋይቴቱ ይፈርሳል። ስለዚህ በችኮላ በአንድ ሌሊት የተጋገረ እንጀራና ደህና አድርጎ የቦካ እንጀራ እኩል አይደሉም። ባቄላውን ማብቀልም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በቆልት ሲሆን ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ቀድሞ ያልነበረው ቫይታሚን ሲም ብቅ ይላል። ባቄላ ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ምንም ብር አያስወጣም።

ቅጠልና ጎምዛዛ

የጠባብ በጀት ምግብ ትልቁ ጎዶሎ ቅጠልና ፍራፍሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬና አትክልት በየቀኑ እንዲበላ ይመክራል። ሽሮ ብቻ የሚበላ ቤት ከዚህ በጣም ይርቃል።

የሐበሻ ጎመን የድሃ ምግብ ተብሎ ይናቃል፤ እኔ ግን ከቆስጣ አስቀድመዋለሁ። ቆስጣ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌት ከሚባል ነገር ጋር ተጣብቆ አብዛኛው ሳይጠቅም ያልፋል፤ የጎመን ካልሲየም ግን ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል። ጎመን ለዓይን የሚሆነውን ቫይታሚን ኤ እና ለደም የሚያስፈልገውን ፎሌትም ይሰጣል። የምናበላሸው በአሠራሩ ነው። ቀቅለን ውሃውን ደፍተን፣ ጨምቀን፣ ከዚያ እንደገና ዘይት ውስጥ እናቁላላዋለን። ፎሌቱና ቫይታሚን ሲው ከውሃው ጋር ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቷል። በጥቂት ውሃ፣ ተከድኖ፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ የወጣ ጎመን ይሻላል። ጥቂት ዘይት ግን አይከልከል፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ስብ በደንብ አይገባም።

በየአካባቢው የራሱ ርካሽ ቅጠል አለ። በክረምት ደጋው ላይ ሳማ ይበቅላል፤ ሲነካ የሚለበልበው ሲበስል ግሩም ወጥ ነው፤ ዋጋውም እጅን መሸፈኛ ጨርቅ ብቻ ነው። ኮንሶና ጋሞ ደግሞ ሽፈራውን ጓሮ ተክለው ዓመቱን ሙሉ ይቀነጥሱታል፤ ኮንሶዎች ከማሽላና ከበቆሎ ዱቄት ከሚሠሩት ኩርኩፋ ጋር አብረው ያበስሉታል። ቆጮ ዋና ምግቡ የሆነ ሰው ደግሞ ከቅጠሉ በተጨማሪ ባቄላ ወይም ቦሎቄ መርሳት የለበትም፤ እንሰት ያጠግባል እንጂ ፕሮቲኑ ከምንም አይቆጠርም።

አዲስ አበባ ውስጥ አትክልት ርካሽ የሚሆነው በእሁድ ገበያና ወደ ማምሻው ነው፤ ነጋዴው ይዞት ማደር አይፈልግም። ካሮት፣ ዱባ፣ ቀይ ሥርና ድንች ያድራሉ፤ ጎመንና ቲማቲም ግን ለሁለት ቀን ብቻ ይገዛሉ። ከፍራፍሬ ብርቱካን ውድ ቢሆን ዘይቱን በወቅቱ ይፈለግ፤ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ ብረት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የተሳሳተ መጽናኛ አለና። «ጤፍ የምንበላ ሰዎች ብረት አይጎድለንም» ይባላል። የጤፍ ብረት ብዙ መስሎ የሚታየው በከፊል አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከሚነካው አፈር ነው፤ የአፈሩን ብረት ደግሞ ሰውነት እምብዛም አይወስደውም። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ የራሳቸው ብረት አላቸው፤ እሱም ቢሆን እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ አይገባም። ይህን የሚለውጥ አንድ ርካሽ ነገር አለ፤ አብሮ የሚበላ ቫይታሚን ሲ። አንድ መካከለኛ ጥሬ ቃሪያ የቀኑን ፍላጎት አብዛኛውን ይሸፍናል። ሎሚ የተጨመቀበት አዚፋ፣ ስንግ ቃሪያ በጥሬ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የቲማቲም ፍትፍት ከሽሮው ጎን፤ እነዚህ ለማጣፈጫ ብቻ የገቡ ይመስለናል፤ የምስሩን ብረት ወደ ደም የሚያስገቡት ግን እነሱ ናቸው። ቃሪያው ድስት ውስጥ ከሽሮው ጋር ከተቀቀለ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ጥሬውን ይሁን።

ተቃራኒውን የምናደርገው ደግሞ ወዲያው ከምግብ በኋላ ነው። መሶቡ ሳይነሳ ቡናው ይቀርባል፤ ቡና ካልሆነ ሻይ ይመጣል። ሁለቱም ውስጥ ያሉት ነገሮች የዕፅዋትን ብረት ይይዙታል፤ በዚህ ሻይ ከቡና ይብሳል። ቡናን ተዉ ብሎ ለኢትዮጵያዊ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው፤ እኔም አልተውኩትም። ሰዓቱን ማዛወር ግን ይቻላል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በፊት፣ ከቆሎ ጋር ይጠጣ፤ ወይም ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ። የወር አበባ የምታይ ሴትና ነፍሰ ጡር ይህን ከማንም በላይ ልብ ይበሉ፤ የደም ማነስ ቀድሞ የሚደርሰው እነሱ ላይ ነው።

ዘይቱ

ከጾም ምግብ ሒሳብ ውስጥ ሳይታወቅ ትልቁን ገንዘብ የሚበላው ዘይት ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ተጋቢኖ ሲቀርብ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ «ጥሩ ተሠርቷል» እንላለን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከካሎሪው ሌላ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። በየሸማቾቹ ሱቅ ለዓመታት የተከፋፈለው የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይመከረው የስብ ዓይነት ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት በዚህ ይሻላሉ፤ ግን ዋጋቸው ከበድ ይላል።

መፍትሔው አባቶቻችን ያደረጉት ነው፤ ዘይቱን ከመግዛት ፍሬውን መብላት። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ እንጀራ ሲፈተፈትበት ስቡም ፕሮቲኑም አብሮ ይገባል። ስልጆ የባቄላ ዱቄትን ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር አስተባብሮ የሚቦካ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለብዙ ቀን ይበላል። ተልባ ላይ ግን ልዩ አድናቆት አለኝ። ከዘይቱ ግማሽ በላይ የሚሆነው ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው ኦሜጋ ሦስት ነው። ዓሣ ለማይበላ ሰው ከዚህ የረከሰ ምንጭ አላውቅም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ የአንድ አዋቂን የቀን ፍላጎት ይሸፍናል። ሳይወቀጥ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል፤ ተወቅጦ ብዙ ቀን ከቆየ ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ ለሳምንት የሚሆነውን ብቻ አምሰው ይውቀጡ።

ፓስታን አልጠላም፤ ልጆች ይወዱታል፤ ቶሎም ይደርሳል። በዘይትና በጨው ብቻ ከቀረበ ግን ሆድ መሙያ ነው። ወፍራም የምስር ስልስ ይደረግበት፤ ያኔ ምግብ ይሆናል። ብስኩት፣ ቺፕስና ለስላሳ መጠጥ «የጾም ነው» ተብለው ሲገቡ ግን እህል በረንዳ ላይ በብልሃት ያዳንነውን ገንዘብ መልሰው ይወስዱታል። ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ በእሳት ብዙ አይጠፋም።

ጓዳው የሌለው አንድ ነገር

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከአገር ውስጥ ገበያ ይገኛል። ቫይታሚን ቢ12 ግን በዚህ ጓዳ የለም። ከዕፅዋት አይገኝም፤ የቦካ እንጀራም ሆነ ስልጆ አስተማማኝ ምንጭ አይደሉም። እጥረቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ስለሚይዝ ሰው «ምንም አልሆንኩም» እያለ ይቆያል። ከዚያ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ችግር ይከተላል። ዘግይቶ ከተደረሰበት የነርቩ ጉዳት ላይመለስ ይችላል።

በፍስክ ቀናት እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ጾመኛ ሊያስብ የሚገባው እነዚያን ቀናት በደንብ ስለመጠቀም ነው። አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል፤ ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ወደዚያ ይቀርባሉ። ፍስክ ሲሆን ያለችውን ገንዘብ በዓመት በዓል ቀን አንድ ጊዜ ሥጋ ላይ ከማፍሰስ በየሳምንቱ እንቁላል ላይ መበተን ለዚህ ይበጃል። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይቀምስ ሰው ግን በምግብ ብልሃት አይወጣውም፤ ክኒኑን መውሰድ አለበት። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚኖር አንባቢ ቢ12 የተጨመረበት የቁርስ እህልና የአኩሪ አተር ወተት ሱፐርማርኬት ውስጥ ያገኛል፤ ማሸጊያው ላይ መጻፉን አይቶ ይግዛ። አዲስ አበባ ያለው ከፋርማሲ ይጠይቅ።

ልጆችን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን በተመለከተ ቁጠባ ወሰን አለው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በሽሮና በእንጀራ ብቻ የሚያስፈልገውን ያህል ሊበላ አይችልም። ለቤቱ ያለችው አንዲት እንቁላል የእሱ ትሁን፤ ገንፎውም የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ይግባበት። እርጉዝ ከሆኑ ወይም እያጠቡ ከሆነ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ የእርግዝና ክትትልዎንም በጊዜ ይጀምሩ። በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ደግሞ አያቋርጡ፤ ከሻይና ከቡና አርቀው በሎሚ ውሃ ይዋጡት።